ማሰሪያ አንቀጽ

እኔና ሉባባ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት
በአንድ ጣሪያ ኖረን ያልታረቅንበት
ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ያውም አንዲት ፊደል፣
ካሴት ላይ የቀረች፣ ከአያ ደምሌ ቃል።

በሰማንያ ስድስት፣ ኩታበር፣ የሰርግ ዳስ፣
ማሲንቆው ሲያለቅስ፣ እልልታው ሲፈስ፣
አጎቷ ቴፑን ከምሰሶው ስር ጎልቶ
ቀድቶት ነው፣ በባትሪ ድንጋይ፣ ዝናቡን ፈርቶ።

ጎን ሁለት ሊያልቅ ሲል አንዲት ስንኝ አለች፤
«ገደል ማዶ…» ብላ ጥቂት ትቆያለች፣
ቀጥላ አንዲት ቃል፣ ጉሮሮ ውስጥ የቀረች።
«አለች» ነው ትላለች፤ ሉባባ አትረታም።
«የለች» ነው እላለሁ፤ ለዜማ ሲባል ነው የተዋጠው «ም»።

ዳኛ ያልጠራን የለም፤ ቆጣሪ አንባቢውን፣
የልጃችንን መምህር፣ መስጊድ ጠባቂውን፤
ግማሹ ከእሷ ጋር፣ ግማሹ ከእኔ ወጣ።
ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ የቤታችን ጣጣ፤
ያ ጉንፋናም አምፕሊፋየር በአፍንጫው እያወራ
«አ»ንም «የ»ንም በአንድ ስም፣ «እእ» ብሎ ሲጠራ።

ዘንድሮ እቁብ ወጣልኝ።
«አምፕሊፋየር» አልኳት።
«ጣሪያው ያፈሳል።»
«ያፍስ።»
ዝም አለች። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች፤
ካሴቱን በሻሿ ጠቅልላ ከእኔ ቀድማ ወጣች።

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ጠቅልሏታል፤
ባጃጁ ሁሉ በረፋድ መብራቱን አብርቷል።
ፒያሳ አንዱ ሱቅ ገባን። ልጁ ሁሉን ያውቃል።
«ሺህ ዋት ነው» አለና አንዴ ነካ ቢያደርገው
መስታወቱ አሳለ፣ ሆዴን ገለበጠው።
ቀይ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ሰማያዊ ደግሞ…
«ካሴትስ?» ስትለው አየን ትክ ብሎ፣ ቆሞ፣
ጠገራ ብር ይዘን የመጣን ይመስል።

ሙሄ ጋ ወረድን፣ ከቧንቧ ውሃ በታች፣
የብየዳ ጭስ ከሚሸት ጓዳ።
ሁለት አስቀመጠ። «ይኸኛው ያሳምራል።
ይኸኛው አያሳምርም። ስሙት» ብሎ ዝም አለ።

ያሳማሪው ተከፈተ። አያ ደምሌ ማር ሆነ፤
ድምፁ ካባ ደረበ፣ ወፈረ፣ ገነነ።
እኔ ራሴን ስነቀንቅ፣ «ተወው» አለች ሉባባ፤
«ይሄ ደምሌ አይደለም። ደምሌ ጥርስ የለውም።»

ሁለተኛው ጎኑ እንጨት፣ አንድ ቁልፉ የወለቀ፣
ክብደቱ የጤፍ ኩንታል፣ ሆዱ በትራንስፎርመር የታጨቀ፣
ሲሞቅ የድሮ መጽሐፍ የሚሸት ነው።
ሙሄ ሰካው።
ዝናብ ሰማን። ሸራው ላይ የሚወርደውን።
ሕጻን ሲያስል፤ ብርጭቆ ሲጋጭ፤
የፈረስ ጭራ ከፈረስ ጭራ ሲፋተግ፣ ሻካራውን፤
ደግሞ በባዶ ድድ መሃል ሾልኮ የሚያመልጠውን «ሰ»ን።

ስንኟ ልትደርስ ስትል «አቁም!» አልነው ሁለታችንም።
ሰው ፊት መረታት የለም።

አስራ ስምንት ሺህ። «ፊውዙ ክረምት ክረምት ይቃጠላል» አለን።
ለሁለት ተሸክመን ዳገቱን ወጣን፤ አልተነጋገርን።

ማታ መብራት የለም። አምስት ሰዓት ላይ መጣ።
ልጁ ተኝቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ተጫንኩት።

«ገደል ማዶ…»
ትንፋሽ።
«ያለች —»
ቀጭ።

«አለች» አይደለም። «የለች» አይደለም። «ያለች» ነው፤
የእኔን «የ» ከእሷ «አ» አጋብቶ አንድ ቤት ያስገባው።
እሺ፣ ገደል ማዶ ያለችውስ ምን ሆነች?
መጣች? ተዳረች? ተሰደደች?
ማሰሪያ አንቀጹ የለም፤ ቴፑ እዚያው ላይ አልቋል።
አያ ደምሌ ጨርሶታል፤ ዳስ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቷል፤
ከእኛ በቀር።

ጣሪያው ጠብ አለ። ሉባባ ሳፋውን በእግሯ ገፋ አደረገችው።
«ትመጣለች ነው የሚለው» አለች።
«ኧረ!» አልኩ፣ ካሴቱን ወደ ኋላ እየመለስኩ፣
«አትመጣም ነው።»
«ዛሬስ ‹ም›ን አልዋጥካትም» አለችኝ።