አራተኛው ብሎን

ሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን የከዳው ’ለት
እንድሪስ ሙሄን ጭኑን በብረት ጠገኑት።
አንድ ዝርግ ብረት ነው፣ ስድስት ብሎን ያለው፤
ቁስሉ ሽሮ ሄደ፣ መሪውን ጨበጠው።

ግን ሌሊት ሌሊት ላይ፣ ኮምቦልቻ ሲተኛ፣
ይነሳል ከጭኑ አንድ የማይተኛ፤
ያንዘፈዝፈዋል፣ በላብ ያጠምቀዋል፣
ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ደጁን ዘግቶ ይሄዳል።

«ወባ ነው» አሉትና ለወባ ታከመ፤
«ታይፎይድ ነው» አሉት፤ ያንንም ደገመ።
ኪሱ በክኒን ልጣጭ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ
ዋጠ፤ ሕመሙ ግን ሳምንት ሄዶ ሲመለስ።

አራት ጊዜ መጣ፣ ደሴ፣ እኔ ዘንድ።
ራጅ አንሺ ነኝ እኔ፤ «አትነቃነቅ። ሂድ።»
ፊልሙን በመስኮቱ፣ በጦሳ ትይዩ
ሰቅዬ ቆጠርኩት፤ ስድስቱም ይታዩ
ነበር፣ እንደ ወተት ጥርስ ነጥተው፣ ተደርድረው።
«አጥንትህ ገጥሟል» አልኩ፤ አራቴም ቃሌ ይኸው።

ክረምት ላይ ጉም ወርዶ ጦሳን ሲውጠው
«ተራራው የለም» ብሎ የሚምል ማነው?
እኔ ግን ምያለሁ።
በፊርማዬ። አራት ጊዜ።

ሪፈር ተጻፈለት፤ አዲስ አበባ ላይ
ከገዛ ደሙ ውስጥ ነጭ ነጩን ለይተው፣
ጨረር የሚተፋ ቅንጣት አሸክመው
በመጣበት ሥር መልሰው ለቀቁት፤
በነጋታው ደግሞ ማሽን ሥር አስተኙት።

ድሮ እቃ ሲሰረቅ ሌባሻይ ነበረ፤
ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ሰክሮ እየዞረ፣
ሰፈሩን አዳርሶ፣ አጥሩን ሁሉ ዘሎ
ከሌባው አልጋ ላይ ይተኛል ተንጋሎ።
ያ ነጭ ደምም እንዲያ፤ ጉበቱን ጎበኘ፣
ጣፊያው ቤት አረፈ፣ መቅኔ ውስጥ ተገኘ፣
ከዚያ ወደ ጭኑ ወረደ ጎንበስ ብሎ፤
አራተኛው ብሎን ሥር ተጋደመ፣ ፍም መስሎ።

ሌባሻይ ይስታል፤ ስንት ንጹሕ ቤት አስፈርሷል።
ሐኪሞቹም ያውቃሉ፤ ያ ብርሃን ይዋሻል
አንዳንዴ፤ ያበጠ ሁሉ መግል አይቋጥርም።
ስለዚህ ቀደዱት። ያለ እማኝ አልፈረዱም።
መግሉን በሳህን አብቅለው ስሙን ጠየቁት፤
የሚፈራውን መድኃኒት ለይተው አዘዙለት።

ትናንት መጣ፣ ከኮምቦልቻ፣ በሚኒባስ፣ ሳያነክስ።
የክብሪት ቀፎ ከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠው፤
አንዲት ብሎን።
«ይቺን አላየሃትም?» አለኝ።

አይቻታለሁ። አራት ጊዜ አይቻታለሁ።
ብሎኗን ነው እንጂ እላይዋ ያደረውን አይደለም።

ሳቀ። ትቶልኝ ሄደ።
አሁን መስኮቱ ደፍ ላይ ናት፤ ፊልም ስሰቅል አያታለሁ።
«ምንም የለም፣ አይደል?» ይሉኛል፣
ጫማቸውን እያሰሩ፣ ደህና ቃል እየለመኑ።
«አልታየኝም» እላለሁ።
«የለም» ማለት ትቻለሁ።