የመጥበሻ ዓሣ

መስከረም ነው፤ ሚሺጋን። ጉሙ ገና አልተነሣ፤
ከትልቁ ሐይቅ ሽቅብ የሚመጣው ዓሣ፣
ሳልመኑ፣ ከጥዱ ሥር ውኃውን ሲያምሰው
እኔ ቀድሜ ነቃሁ፣ ከውሻም ከሰው።

ብርቱካናማ ካያክ፣ በአርባ ዶላር የተገዛች፣
ሆዷ ላይ በሬንጅ የተለጠፈች፣
እንደ ገለባ የቀለለች፣ እንደ በቅሎ እልኸኛ፤
እኔና እሷ፣ ሁለት አሮጊት፣ ወገብ የሚያመን ጓደኛ።
ሳምንቱን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ቅዳሜ ግን የራሴ፤
ከኋላዬ የሚጮህ የለ፣ የሚጎትተኝም ከልብሴ።

ካዚሚርም መጥቷል። ወንድሜ ነው። አልነግረው፣ አይነግረኝ፤
የአባታችን ቤት ከተሸጠ አራት ዓመቱ፤ ደኅና ዋይ እንኳ አላለኝ።
እሱ ከወንዙ አፍ ነው፣ ሐይቁ ከሚጀምርበት፣
ከቄጠማው ጥግ፣ ውኃው እንደ ሻይ ከጠቆረበት።
የወተት ሳጥን ከጀርባው አስሮ፣ ትሉን በቆርቆሮ፣
መዳፍ የምታህል ዓሣ ያወጣል፣ ቆጥሮ ቆጥሮ፤
ጆሮዋ ሰማያዊ፣ ደረቷ የእንቁላል አስኳል።
«ሳልመን ለፎቶ ነው» ይል ነበር፣ ያኔ፣ ስንባባል፤
«ለመጥበሻ እንዲህ ያለው ነው፣ ከነጅራቱ የሚቆረጠም።»
እኔ ግን ትልቁን እወዳለሁ። ይህም ጠብ ነበር፤ ባይጠቀስም።

ወረወርኩ።
አንዴ። ሁለቴ። ጣቴ ደነዘዘ።
ሦስተኛው ላይ ወንዙ ራሱ የያዘኝ መሰለኝ፤ ክሩ ተመዘዘ፣
ማጠንጠኛው እንደ ተቆጣ ተርብ አንጎራጎረ፣
ካያኳ ዞረች፤ አፍንጫዋ ውኃ ተነከረ።
መቅዘፊያዬ ከጭኔ ሾልኮ ቁልቁል ሄደ፣ ብቻውን፤
ሁለቱም እጄ ዘንጉ ላይ ነው፤ ማን ይያዝ መቅዘፊያውን?

ዓሣው ጎተተኝ። እውነቴን ነው። ሰማንያ ኪሎ ሴት፣
ከነ ቡትስ ጫማዬ፣ ከነ ፔርሙዜ፣ ከነ ጃኬት፣
የወደቀውን ዝግባ አዙሮ፣ በድልድዩ ሥር አሳልፎ፣
ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወሰደኝ፣ በገዛ ክሬ ጠልፎ።

ካዚሚር ቀና አለ። ኮፍያውን ገፋ።
የራሱን ክር በጥርሱ በጠሰ፤ ትሉን ከነቆርቆሮው ደፋ፤
ቀዘፈ። ሳንባው እንደ አሮጌ ወናፍ እያፏጨ ቀዘፈ፤
የካያኬን ጭራ ጨብጦ ያዘ፤ ዓሣው ግን መቼ አረፈ?
ሁለታችንን ጎተተ።

«ላላ አድርጊው!» አለኝ። የአራት ዓመት ዝምታ በሁለት ቃል ተፈታ።
«መረብህን!» አልኩት። ዘረጋው፤ የሻይ ማጥለያ የሚያህል፣ የሕፃን ጨዋታ።
ሳልመኑ አንዴ ዘለለ፤ ጎኑ የዛገ መዳብ፣
መንጋጋው የተቆለመመ፤ ወንዝ ከገባ አይበላም፤
የሚነክሰው ከቁጣ ነው እንጂ፣ አይደለም ከራብ።
አየነው። አየን። ተመለሰ። ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ፤
ወደ ኋላ ተንጋለልኩ፤ የአተር ሾርባዬ በወንድሜ ጭን ላይ ፈሰሰ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ይባላል፤ ተረት ነው፤
እኔ ጎርጉሬ ያወጣሁት ካዚሚርን ነው፤
ጢሙ ሸብቶ፣ ጉንጩ ጎድሎ፣
ሱሪው በሾርባ በክሎ።

ስለ ቤቱ አላነሣንም፤ ማን ፈረመ፣ ማን ዋሸ።
ገመድ ወረወረልኝ፣ አሰርኩ፤ ፀሐዩ ጉሙን አሸሸ።
እየጎተተ ወሰደኝ ከቄጠማው። ከሳጥኑ ሥር
አራት ትል ተርፎ ነበር፤ ተካፈልን። አልተነጋገርን ብዙም ነገር።
ሰባት ዓሣ አወጣን፤ አራቱ የኔ፣ ሦስቱ የእሱ፤
እሱ ግን አራቱ የእኔ ናቸው ይላል፤ ይኸው እስከ ዛሬ፣ መቼም አይለቅ እሱ።

ዳር ላይ እሳት አነደደ። የበቆሎ ዱቄት፣ ጨው፣ ቅቤ።
ከዚያ ሳጥን ውስጥ የእናታችንን የብረት መጥበሻ ሲያወጣ፣ ቆመ ልቤ፤
ጠፋ ያለኝን። በጠበቃ ያስጠየቅኩትን።
እጀታው አሁንም በሽቦ የታሰረውን።
አላየሁ አልኩ። እሱም እንዳላየሁ አየ።
ዓሣው ተንጣጣ፤ ጅራቱ ጠየመ፤ ጠረኑ ከእንጨቱ ጢስ ተለየ።

በላን።
ክሩ የቆረጠኝ፣ እዚህ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር፣
ጨው ሲነካው ያቃጥላል።