ደረሰኝ

ጠባሴ ላይ ቤት አለኝ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣
ጣሪያው የአሥራ ሁለት ዓመት የፋብሪካ ሲሳይ፤
ብርድ ልብስ ስሠራ ለሰው አገር ገላ፣
እኔን ያለበሰኝ ቆርቆሮ ነው ኋላ።

ደምሰው ሲሞት ሦስቱ ክፍል ሰፋኝ፤
ጡረታው ግን ጠበበ፣ ወር ሳይሞላ ደፋኝ።
ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ጓሮ ወስጄ
በገዛ ግቢዬ ተሰደድኩ ከደጄ።

ዋናውን ቤት አከራየሁ። ከፓርኩ የመጣ ጎረምሳ ነው፣
የደብረ ብርሃን ውርጭ በእንቅልፉም ጃኬት የማያስወልቀው፤
ስሙም ግብሩም እንግዳው።

ደላላው ቀጸላ፣ አፉን በጋቢው ከልሎ፣
መከረኝ ቀስ ብሎ፦
«ውሉ ላይ ሁለት ሺህ ይጻፍ፣ ስድስቱ በእጅ ይለፍ፤
አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው፣ አንቺ ብቻ ለምን ትርፍ?»
ፈረምኩ። እጄም አልተንቀጠቀጠ።
ሌሊት ግን ቆርቆሮው በውርጭ ሲኮማተር
ጠጭ አለ አራት ጊዜ፤ የደበቅሁትን ሲቆጥር።

እንግዳው ወር በገባ ቁጥር ብሩን ቆጥሮ ሰጥቶኝ
«እማማ፣ ደረሰኝ?» ይለኛል። «አዎን ልጄ፣ ደረሰኝ።»
እሱ የሚሻው ወረቀት፣ እኔ የምሰጠው ቃል፤
በአንድ ስም ሁለት ነገር ደጃፌ ቆሞ ይበርደዋል።

ሐምሌ ገባ። ገቢዎች ደጅ ጭቃው፣ ጃንጥላው ድርድር፤
ከመስኮቱ ወዲያ ማንያህልሻል፣ ጣቷን በትንፋሿ አሙቃ ስትጀምር፦
«እማማ፣ ስንት ክፍል ነው? ባዶ የከረመ ወርስ?
ለጣሪያ፣ ለቀለም፣ ለእርጅናው፣ ይኸው ሕጉ ይላል ይቀነስ።»

ደነገጥኩ። ለቤት እርጅና ቅናሽ አለው ሕጉ!
ለጉልበቴስ፣ ለደምሰው ወገብስ፣ የት ነው መስመሩ፣ ወጉ?
«ኪራዩስ?» አለች። ሁለት ልል ስከፍት አፌን፣ ወጣ ስድስት፤
እንጃ ለምን እንደሆን፤ ብርዱ ይሆናል፣ ወይ የልጅቷ ትዕግሥት።

ግብር ማብላት የጌቶች ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር ያኔ፤
ዛሬ ከጓሮ ክፍሌ ወጥቼ ግብር አበላሁ እኔ።
ቀጸላ ሲሰማ ተቆጣ፦ «ሰፈሩን አስቆጠርሽው!» አለ፤
ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታው ከጋቢው ሥር ዋለ።
የጠባሴ መንገድ እንደሆን ዛሬም ጭቃ ነው።
በልጁ ላይ ኪራይ ልጨምር? አሰብኩ። አልጨመርኩም። ገና ነው።

የገቢዎቹን ወረቀት ከግድግዳው ምስማር ሰቅዬ
ራት ልበላ ስል፣ ዝናቡ ወረደ። እንግዳው መጣ፦ «እማዬ፣»
ባልዲ ይዟል በእጁ፣ ውሃው ይንጠባጠባል ከፀጉሩ፣
«ያፈሳል፤ ከአልጋዬ በላይ ነው፣ እዚያ ጥጉ ላይ ነው ችግሩ።»

ለካ ለጥገና የተቀነሰልኝ ያ ቀዳዳ ነበር።
ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ልጅ ትራስ ላይ ሲቆጠር።
የደምሰውን መዶሻ አወረድኩ ከሣጥኑ፣
ምስማር ግን አንድ እንኳ የለም፣ አልቋል ድሮ ቀኑ፤

ወረቀቱን በጉያዬ አድርጌ፣ እንዳይርስብኝ፣
የተሰቀለበትን ምስማር ነቀልኩ።
«እንካ ልጄ» አልኩት።
«ደረሰኝ» አለኝ።