እሑድ እሑድ በሴቱባል

አረንጓዴ በራ ስክሪኑ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፤
«አለርጂው ለቆታል» ይላል፣ ከስሙ በላይ።
ዱአርቴ፣ ሰባት ዓመቱ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
በኦቾሎኒ ሰበብ ሁለቴ የታነቀ።
አባቱ አልቢኖ፣ የመረብ ጠጋኝ፣
ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አየኝ።
«ይሄ ዕቃ» አለኝ፣ «ልጄን ያውቀዋል?»
«መቶ ሺህ ሕፃናት» አልኩት፣ «አይቷል፤
ያንተንም ያውቃል።»

መቶ ሺህ! የሰሜን ሆስፒታል፣ የሰሜን ገበታ።
የዱአርቴ ክንድ ጠይም ነው፣ የእናቱ መልክ፣ የኬፕ ቨርድ፤
የመርፌው እብጠት ሲወጣበት እንደ ሌላው አይቀላ፣ እንደ ፍም አይነድ።
በጣቴ ስዳብሰው አለ፣ በካሜራው የለም፤
ያስተማሩት ሰዎች አልሰጡትም ይህን ቀለም።

ልጠይቅ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች ጥያቄዋ፦
እሑድ፣ ወደቡ ዳር፣ ምን ይቀርባል ከቢራዋ?
ግን ደጅ ላይ ሰልፍ አለ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው፤
ለአንዱ ስድስት ደቂቃ ነው የተመደበው።
«ተስማምቻለሁ» የሚል ቁልፍ ነበር፤ ተጫንኩት።
ጥርጣሬዬን፣ የሃያ ዓመት ጓዴን፣ ለዕቃ አስረከብኩት።
ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤
እኔ ግን ዳንኩ። የተመነጠረው ሌላ ነበረ።

እሑድ።
ከቢራው ፊት ሰሃን፣ ሰሃኑ ላይ ግብጦ፣
በጨው ውኃ ሰንብቶ መራራው ተሟጦ፤
ልጁ እፍኝ ዘገነ፣ እንደ አባቱ ልጣጩን በጥርሱ ልጦ።
የኦቾሎኒ የሥጋ ዘመድ መሆኑን ማን ነግሮታል?
በሰሜን ገበታ ግብጦ አይቀመጥም፤
ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ለማሽን አልተፈጠረም።
ከንፈሩ አበጠ። ትንፋሹ ሲር አለ።
«ከእንግዲህ አያስፈልግም» የተባለውን መርፌ አልቢኖ አልጣለ፤
ሱሪው ላይ እንዳለ ጭኑ ላይ ተከለ።

ተርፏል። ልጁ ተርፏል፤ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣
የእናንተም ትንፋሽ እንዳይያዝብኝ።

ከዚያ ስብሰባ ሆነ፣ ረጅም ጠረጴዛ።
ሠሪው አለ፦ «እሱ ይመክራል እንጂ አይገዛ።»
ሆስፒታሉ አለ፦ «ፊርማው የነርሷ ነው።»
«አረንጓዴ ነበር» አልኩ እኔ፤ እውነት በመሆኑ ይበልጥ ያፈርኩት ለዚህ ነው።
ስሙ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት»፤ ሠሪውንስ አወቅነው፣
የሚያስተውለው ግን ማነው?
ጥፋቱ ባለቤት እንዳጣ ውሻ ከእግር እግር ዞረ፤
ማሽኑ ብቻ ዝም ብሎ ለሚቀጥለው ሕፃን ቁጥር ቆጠረ።

አልዋሽም፤ ባለፈው ጥር ይኸው ዕቃ እኔ ያለፍኩትን አይቷል፤
የኦዴቴን የሌሊት መታፈን ከራስ ምታት ኪኒኗ አገናኝቷል።
ክፉ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በመጨረሻ ወረቀት መጣ፣ ለአልቢኖ፦
«የልጅህ ሕመም ለማሽኑ ትምህርት ይሁን፣ ስሙ ተሸፍኖ።»
አነበበው። ደግሞ አነበበው፣ እንደ መረብ፣ ቀዳዳ ፈልጎ።
«በልጄ ጉሮሮ ማን ይከብርበታል?» ሲል
ጠበቃው ዝም አለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።
እስክሪብቶ ለመነኝ። ፈረመ። ከፊርማው ግርጌ በትልልቅ ፊደል፦
«ስሙን ሰርዙት፤ ሰፈሩን ግን አትሰርዙ።
እዚህ እሑድ እሑድ ግብጦ እንበላለን፤ ይህን ያዙ።»

ከዚያ ወዲህ፣ ስክሪኑ ሲበራ አረንጓዴ፣
እጄን ከቁልፉ አነሳለሁ አንዴ።
«እሑድ እሑድ ምን ትበላላችሁ?»
ደጅ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል።
ታገሡኝ፣ እባካችሁ።