አራት ጣት

የምንጣፍ ፋብሪካው በሩን ሲዘጋበት፥
ካሳ ቆጥረው ሰጥተው «ተማር እንግዲህ» አሉት።
መነጽሩን ረስቶ፥ ቅጹን ተቀብሎ፥
ምልክት አኖረ «ይኼ ነው» ብሎ።
ከላይ ያለው መስመር የኤሌክትሪክ ሥራ፥
ከታች ያለው ደግሞ ካርቱን የሚያሠራ።
አባቴ በአንዲት መስመር ወረድ ብሎ ስቶ፥
ሰኞ ጠዋት አየሁት ከክፍሌ ገብቶ፤
ከፊተኛው ወንበር ጃንጥላውን ሰቅሎ፥
እርሳስ እየቀረጸ፥ «ና፥ እዚህ ጋ» ብሎ።
ጸሐፊዋ አዝና «ይቀየር?» ብትለው፥
«ምኑ?» አለ ኮስተር ብሎ፥ «አስቤበት ነው።»

ጌንት ላይ ስም ጥሪ በአባት ስም ነውና፥
«ይርዳው!» ሲሉ እኔን ነው፤ አባቴ «አቤት!» ይላል።
«ሞላ!» ሲሉ እሱን ነው፤ ክፍሉ ዝም ይላል።
ኋላ ቆብ አውልቆ ቀስ ብሎ ይነሣል፦
«ሞላማ አባቴ ናቸው፤ ካረፉ ቆይተዋል።»
መምህራችን ዩሪስ ግራ ቢገባቸው
አያቴን «ቀሪ» አሉ መዝገብ ላይ ጽፈው።

አረንጓዴ ጸጉሯ ሎተ ለልደቷ
እሱን ጠራች እንጂ እኔን መች ከቤቷ!
ከሌሊቱ ስምንት በሩን ሲያንኳኳ
«የት አመሸህ?» አልኩት፤ ተገላቢጦሽ ለካ።

ከአክስቴ ቤት፥ ከደሴ፥ ዓመቴ ነው ከመጣሁ፤
አባትነቱንም በስልክ ድምፅ ነው ያወቅሁ።
ግራ እጁን ከኪሱ አያወጣም ጨርሶ፤
«ብርዱ ነው» ይለኛል፥ ግንባሩ በላብ ርሶ።

አንድ ቀን እጁን አወጣ፥ ቀኙን፦
«ይኼ ሰውዬ ገደሉን አልፎ ሄዷል፤
ለምን አይወድቅም?»
«ወደ ታች እስኪያይ ነው» አሉት መምህሩ፥ «የካርቱን ሕግ ነው።»
አባቴ ጥቂት ቆየና
«እውነት ነው» አለ።
«እኔም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደ ታች አላየሁም።»
ማንም አልሣቀም።

የዓመቱ ማብቂያ ሥራዬ የሁለት ደቂቃ ፊልም፤
አባትና ልጅ ኮሌጅ ሲገቡ።
ለአባትየው ትልቅ አፍንጫ ሰጠሁት፥
ጃንጥላ ሰጠሁት፥
በየእጁ አራት አራት ጣት ሰጠሁት።
ካርቱን ሁሉ አራት ነው፤ ድካም ይቀንሳል።

አዳራሹ በሣቅ ሊፈርስ ነው ሲባል፥
አባቴ ከፊት ነው፤ ዝም ብሎ ያያል።

በቦዩ ዳር ስንሄድ፥ ብስክሌቶች እያለፉን፥
«ለካ ታያለህ» አለኝ።
«ለካ አይተኸኛል።»
ግራ እጁን ከኪሱ ቀስ አድርጎ አወጣው፦
አውራ ጣት፥ ሌባ ጣት፥ መሀል ጣት፥ የቀለበት፥
ከዚያ ወዲያ ምንም።
«ትንሿን ማሽኑ ወሰዳት፤ አንተ አራት ዓመትህ ነበር።
ለአክስትህ አልነገርኩም፤
የምልከውን ገንዘብ አልቀበልም ትላለች ብዬ።»

ምን ልበለው?
«አባባ፥ ደንቡ ነው፤ ዳክዬውም አራት ነው» ልበለው?
«አዎ» አልኩት። «አይቼ ነበር።»
ያቺ ውሸት ይኸው እስከ ዛሬ
ከኪሴ አልወጣችም።

የሱ ግራ እጅ ግን ብርዱን ረስቷል።
አሁን የራሱን ፊልም ጀምሯል፤ ባለታሪኩ እኔ ነኝ፤
ጆሮዬ የጌንትን ደወል ያህላል፤
ስም ሲጠራ እንቅልፍ ወስዶኛል።
«አምስተኛዋ ጣት ትቅር» ይሉታል መምህሩ፥
«ለአንድ ሰኮንድ ዐሥራ ሁለት ሥዕል ነው፤ መቼ ልትጨርስ?»
«የልጄ ነው» ይላል።
ምላሱን ነክሶ፥ እንደ ምንጣፍ ቋጠሮ እየቆጠረ፥
አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት፤
አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ
እርሳሱን እንደገና ይቀርጻል።