ዐሥር ከዘጠኝ ሲያንስ

አቶ ሐመሶ መጡ፣ መረብ እንደያዙ፣
የረጠበ እግራቸው ወለሌን እያራሰ፤
«ዐሥር ኪሎ ቆሮሶ ለሚዛን ሰጥቼ
በምን ሒሳብ ነው የኔ ከዘጠኝ ያነሰ?»

ዝርዝሩን ከፈትኩት። እውነታቸውን ነው፤
የቃያሞ ዘጠኝ ከላይ፣ ዐሥሩ ከግርጌ።
ጥፋቱ የኔ ነው። አምና ሠንጠረዡን ስሠራ በጥድፊያ
የኪሎውን ዐምድ «ጽሑፍ» ብዬ አልፌው ነበር።
ማሽኑ የሚያነበው ከፊት ነው፤ አንድን ከዘጠኝ አየ፣
አንድ ያንሳል ብሎ ፈረደ፣
ከኋላ የቆመችውን ዜሮ ቃሏን እንኳ ሳይቀበል።

እንዴት ብዬ ላስረዳ?
«አባ፣ ይሄ ማሽን ‹ያንሳል› የሚለው ነገር አንድ አይደለም፤
የኪሎ ‹ያንሳል› አለው፣ የስም አለው፣ የቀን አለው።
እንደ ዳኛ ነው፤ ክሱን ሳይሰማ
ግራና ቀኝ የቆሙትን ምንድን ናችሁ ይላል።
ቀን ነን ካሉት፣ የቀደመው ያንሳል።
ስም ነን ካሉት፣ በፊደል ገበታ የቀደመው።
እኔ ኪሎዎን ስም ነው ብዬ አስገብቼዋለሁ።»

«ኪሎ ስም ሆኖ አያውቅም» አሉ።

ዓይነቱን ቀየርኩ። ዐሥር ወጣ፣ ዘጠኝ ወረደ።
ደስ ብሏቸው ጣታቸውን ከስክሪኑ አሳረፉ፣
ጣታቸው የዓሣ ቅርፊት ትቶ ተነሣ፤
«ይሄስ? ይሄ ደግሞ ማነው?»

ሐመሶ በሐመሩ ሐ፣
ሀመሶ በሃሌታው ሀ፤
የሰኔው ዓሣ ለአንዱ፣ የሐምሌው ለሌላው ተጽፎ፣
የትርፍ ድርሻው ለሁለት ተከፍሎ ቀርቷል፤
እናታቸው በየትኛው ብትጠራቸው
«አቤት» ብለው ያደጉ አንድ ሰው።

ምን ይደንቃል? ከተማዋ ራሷ
እዚህ ውስጥ ሦስት ናት፤
ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ፤
አንድ ሐይቅ ዳር ተቀምጠው አይተዋወቁም።

እስከ ምሳ ስም ከስም ሳገናኝ ቆየሁ።
እሳቸው ከደጅ አልሄዱም።
«አሁን ከቃያሞ እበልጣለሁ?»
«በኪሎ።»
«በሌላውስ?»

ለጨዋታ ያህል ጻፍኩለት፣ ዓይነት ሳልሰጥ፣
ሐመሶ፣ የመብለጥ ምልክት፣ ቃያሞ።
ማሽኑ ጥቂት አሰበና
«ለእነዚህ ማወዳደሪያ አላገኘሁም» አለ።
አነበብኩላቸው። ዝም አሉ፣ መረባቸውን አነሡ፤
ቃያሞ ከጀልባው ሆኖ እየጠራቸው ነበር፣
በየትኛው ሀ እንደሆነ አልሰማሁም።

ከመስኮቱ ማዶ አባ ኮዳው
የዘጠኙንም የዐሥሩንም አንጀት
እያፈሰ ይውጣል።