መቶ አርባ ሦስተኛው

ከጣርማ በር በታች፣ ጉም በሚወርድበት፣
ደብረ ሲና መሐል፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት፣
ቪዲዮ ቤት ነበር፣ የጋሽ ወንድይራድ፤
ሸራው አንሶላ ነው፣ ወንበሩ የጥድ ግንድ።
እኔ ትኬት ቆራጭ፣ ደጁ ላይ በርጩማ፣
ትኬቴ ከደብተር፣ ማኅተሜ ከጫማ።

ማን ሰው ይስባል ቢሉ፣ እኔን ነው መጠየቅ፤
የአንድ ሰው ስም ክብደት፣ በዝርዝር ነው ሚታወቅ።
“ታሪኩ ሸጋ ነው” ተብሎ ቢለፈፍ፣
አሥራ ሁለት ሰው ነው፣ በሬን የሚያልፍ፤
ከነሱም ሁለቱ፣ ዝናቡን ሸሽተው ነው፣
አንዱም ጋሽ ወንዴን ነው፣ ብድር ሊጠይቀው።

ብሌን ካለች ደግሞ፣ ሹፌር ነው የሚበዛ፣
የሮቢት ሽንኩርቱን፣ ጥሎ እንደ ዋዛ።
“ናኦድ አለበት” ካልን — ያን ጊዜ ነው ጉዱ!
ቆሎ ሻጮች እንኳ፣ አውቶቡሱን ከዱ፤
ከወፍጮ ቤት መጡ፣ ቅንድባቸው ነጥቶ፣
ካርማንያም ሰው መጣ፣ በአይሱዙ ላይ ወጥቶ።

ጋሽ ወንዴ ብልህ ነው፤ ሥንሻውን አስጠራ፤
እሱም ከበር በተረፈ፣ ቀለም ፊቱን ሠራ፤
አንድ ጉንጩ አረንጓዴ፣ አንድ ጆሮ ጎድሎት፣
ናኦድ በሌለበት፣ ፊልም ላይ ሰቀሉት።
ሰው ገባ። ጠበቀ። ሲያልቅም አልተቆጣ፤
“ዛሬ አልቀናንም” ብሎ፣ በነጋታው መጣ።
ብሩን ስቆጥር ግን፣ ማታ በፋኖሱ፣
ዓይኑን አይነቅልም፣ ከጣቴ ላይ እሱ።

ነሐሴ ነው። ጉሙ፣ ከጣርማ በር ወርዶ፣
መንገድና ሰውን፣ ባንድ ጋቢ ጋርዶ፣
ላንድክሩዘር ቆመ፣ ጎማው ተንፍሶበት፤
አንዱ ወርዶ መጣ፣ ብርዱ አንቀጥቅጦት።
አጭር፣ ራሰ በራ፣ ኮቱ ውኃ ጠጥቶ፣
“ማን ነው ዛሬ?” አለኝ፣ ሥዕሉን ተመልክቶ።
“ናኦድ ነዋ!” አልኩት፤ “አታውቀውም እንዴ?
አሥር ብር። በዱቤ፣ ይቆጣል ጋሽ ወንዴ።”
ፈገግ ብሎ ከፈለ፣ መልሱንም አልቆጠረ፤
“የጫማ ነው?” ብሎ፣ ማኅተሜን መረመረ።
መቶ አርባ ሦስተኛ፣ ጻፍኩት በደብተሬ፤
ቦታ አልነበረም፣ ቆመ ጥግ ከበሬ።

ያ ፊት ሸራው ላይ ሲወጣ፣ ቤቱ ተናወጠ፤
ፉጨቱ ቆርቆሮን፣ እንደ በረዶ ቀጠቀጠ።
እሱ ግን ሸራውን፣ ቀና ብሎም አላየ፤
በሸራው ብርሃን፣ ሰው ፊት ሲያነብ ቆየ።

ከዚያ — መብራት ጠፋ።
ልክ የእናቱን ደጃፍ፣ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ!
“ገንዘቤን!” አለ ሰው፤ አግዳሚው ተነሳ።
ያን ጊዜ ከጥጉ፣ አንድ ድምፅ በጨለማ፣
ረጋ ብሎ፣ ሳይጮኽ፣ ከበሬ ሥር ተሰማ፦
“እማ፣ ክፈችልኝ። ባዶ እጄን መጥቻለሁ።
ላንቺ ያልኩትን ሁሉ፣ መንገድ ላይ በልቻለሁ።”

ዝም አለ ቤቱ። አንዱ አፍንጫውን ሳበ፤
ሌላው ከፊት ሆኖ፣ እያጨበጨበ፦
“ጎበዝ! ቀርበሃል! ግን፣ ናኦድ ወፈር ይላል፤
አንተ ትንሽ ቀጠንክ፤ ብትለምድ ይመጣል።”
ሳቁ ጣራ ነካ። እሱም አብሮ ሳቀ፤
ሆዱን ይዞ ጎብጦ፣ ከበሩ ተጣበቀ።

ጋሽ ወንዴ ከወፍጮው፣ መብራት ስቦ ሲያመጣ፣
ጎማው ተለውጦ፣ ሰውዬው ሲወጣ፣
“ጨርሰህ ሂድ” አልኩት፤ “እናቱ ትከፍታለች።”
“አዎ፤ በአሥረኛው” አለ፤ “ዘጠኝ ጊዜ ዘግታለች።”
ምን ማለቱ እንደሆን፣ ሳልጠይቀው ሄደ፤
ቀይ መብራቱን ጉሙ፣ ቁልቁል ይዞት ወረደ።

ጠዋት በሬን ስከፍት፣ ዝናቡ አባርቶ፣
አየሁት ያንን ፊት፣ ሁለት ጆሮ አውጥቶ፤
አንዱ በጭቃ ነው፣ አንዱ በበር ቀለም።
ሥንሻው ምሎ ካደ፦ “እኔስ አልነካሁም።”

ጋሽ ወንዴ ቆጠረ፤ “ሸዋርካብሽ!” አለ፤
“አሥር ብር ጎደለ!”
በነጠላዬ ጫፍ፣ እንደታሰረ አለ።
“ከደመወዝሽ ላይ፣ ቆርጫለሁ” አለኝ።
ይቁረጥ። እኔም ደግሞ፣ ትኬት ቆራጭ ነኝ።